ያልተፈረመበት ፖስታ

ጥቅምት 4

እትዬ፣

ፖስታውን ሰጥተውኛል። በገዛ እጄ ተቀብያለሁ። «አላየሁም» ያልኩት ውሸት ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ራሴን ስለማውቀው ነው። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ እንደ ሁልጊዜው ዋናውን ነገር ውጬ እቀር ነበር። አሁን ልጠይቅዎ፤ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ድምፅዎ ከሹክሹክታ አላልፍ ማለቱን ከጻፉልኝ ጀምሮ በጸሎቴ አልረሳዎትም። ዕድሜዎን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጠው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ዛሬ እኛ በወረቀት መነጋገራችን ያሳዝነኛል። ግን እውነቱን ልናገርና፣ በስልክ ቢሆን ይህን አልልዎትም ነበር።

የሚያውቁትን መልሼ የምጽፈው ለራሴ ጆሮ ነው። ማክሰኞ ነበር። ባለቤቴ የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። እርስዎ ለሥራ ተራዎ ቸኩለው፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ «ከመዘምራን መሪው ነው፤ ለእህቴ ስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ። ከፈትኩት። ለብቻ የሚዘመረውን መዝሙር በካሴት እንድትቀዳ እሷን መርጠናል፣ ቅዳሜ ካልመጣች እንዳልፈለገች ቆጥረን ለታላቅ እህቷ እንሰጣለን ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! «ድምፅሽ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ያቺን ቃል አሥር ጊዜ አነበብኳት። መሪው የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ጥርጣሬ እንደ ደነዘ መርፌ ነው፤ ሳይሰፋ ጨርቁን ይበሳሳዋል። ፖስታውን ለጥገና መጥቶልኝ ባለቤቱ ሳይወስደው በቀረ አሮጌ የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ አለፈ፤ መዝሙሩ ለእርስዎ ተሰጠ። ሁለት ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ ነገሩ ተነሳ። እሷ «ደብዳቤ አልደረሰኝም» አለች፤ እርስዎ «ለባሏ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ሁሉም በጉባኤው ፊት ወደ እኔ ዞሩ። «አላየሁም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ «ታላቂቱ የታናሿን ደብዳቤ ዋጠች» ተባለ። እርስዎም ልምምዱን ትተው፣ ዝውውር ጠይቀው ርቀው ሄዱ። መዝሙሩ ሳይቀዳ ቀረ። ባለቤቴ በእርስዎ እንዳዘነች አረፈች፤ ይኸው ሦስት ዓመቷ።

ባለፈው ደብዳቤዬ የድሮውን ካሴታችሁን ባነሳብዎ «ካሴቱን ምን አስታወሰህ?» ብለው ጠይቀዋል። መዘምራኑ በኅዳር መጨረሻ እሁድ ሃምሳኛ ዓመታቸውን ያከብራሉ። አዲሷ መሪ ሱቄ ድረስ መጥታ ከጥንቶቹ ዘማሪዎች የቀረ ድምፅ ካለ ፈልግልን አለችኝ። የዚያን ዕለት ያንን መኪና ገለበጥኩት። ፖስታው አለ፤ የመዝሙሩ ግጥም አለ፤ ዜማውም ከሥሩ በቁጥር ተጽፎ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ለከፈተችው ጎረቤቴ፣ ለፎቶ ኮፒዋ፣ ግጥሙን ባሳያት፣ የሰው ድምፅ ተምሮ፣ ያ ሰው ያልዘመረውን የሚዘምር የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ አለችኝ። በነጻ ነው አለች። የነጻ ነገር ያስፈራኛል። ቢሆንም እርስዎና እሷ ሱቃችን ውስጥ እየተቀባበላችሁ የዘመራችሁበት ካሴት እጄ ላይ አለና፣ ያቺን የነጠቅኳትን መዝሙር በገዛ ድምፅዋ ላስዘምራት አሰብኩ። ምን ይላሉ?

የእህትዎ ባል

———

ጥቅምት 15

ለመርፌው፣

ደህና ነኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተህ ፖስታውን መቀበልህን የምትነግራት ፖስታውን ለሰጠችህ ሴት ነው? መስጠቴን እኔ አውቃለሁ። መቀበልህን አንተ ታውቃለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የማያውቁት እነሱ ናቸው፤ «ዋጠች» ያሉኝ፣ ከአግዳሚ ወንበራቸው ሸሸት ብለው ቦታ የነሱኝ፣ ለእህቴ ቀብር ስመጣ እንኳ ዓይናቸውን የሰበሩብኝ።

በሥራዬ አንዲት ቁራጭ መልእክት ሳደርስ ተቀባዩን አስፈርም ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ያላስፈረምኩት አንድ ሰው አንተን ነው፤ ዘመድ ነው ብዬ።

ይቅር ብለውኛል ወይ ብለህ ባለመጠየቅህ ብልህ ነህ።

ያ ፕሮግራም ያልከው ነገር አልጣመኝም። በነጻ የሚሰጥህ ማነው? ምን ሊወስድ? ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ፕሮግራሙን አይደለም፣ አንተን ነው። በዓሉ ላይ ሰው ያለቅሳል፤ አንተንም እንዴት ያለ ባል ነው ይሉሃል፤ ፖስታውም ተመልሶ መኪናው ሆድ ይገባል። እንዲያ ነው ያሰብከው?

ካሴቱ ያንተ ነው፤ አልከለክልህም። የሠራኸውን ግን ከማንም በፊት ላክልኝ። ጉሮሮዬ ነው የታመመው፣ ጆሮዬ አይደለም።

———

ጥቅምት 28

እትዬ፣

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ለጉባኤው ነግረህ እንደሆነ ጽፈህ አሳውቀኝ ብለው ከደብዳቤው በኋላ አንዲት ካርድ ላኩብኝ። አልነገርኩም። መጀመሪያ መዝሙሩን ላስቀድም፣ ከዚያ መናገሩ ይቀላል ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ ለራሴም ሰበብ ሰበብ ሸቶኛል።

የጠየቁኝን በቅደም ተከተል ልመልስ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት በምሳ ሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄጄ ከጥግ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙን ለመጫን ከመጀመራችን በፊት ማለቂያ የሌለው ውል መጣ፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ። እኔ ስጋባ እንኳ እንዲህ ያለ ውል አልፈረምኩም።

«ጋሼ፣ ይጫኑት እንጂ፤ ማንም አያነበውም» አለችኝ ፎቶ ኮፒዋ።

«ማንም የማያነበውን ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«እንዳንተ ላለው ተጠራጣሪ!» ብላ እየሳቀች ራሷ ጫነችው። ስትቆጣ ወይም ስትስቅ «አንተ» ትለኛለች።

ድምፅዋ የት ይሄዳል፣ ማን ያስቀረዋል ብለው ጠይቀዋል። እኔም ጠይቄያለሁ። «ከዚችው ኮምፒውተር አይወጣም» አለች። አላመንኳትም። የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ሞከርኩት። ያለ ገመድም ዘመረ። ያኔ ትንሽ አመንኩ፤ ገመዱን ግን መልሼ አልሰካሁትም። ደንበኞቿ ኢሜይል ጠፋብን እያሉ ሲጮሁ ነው የነቃችብኝ።

አሠራሩ ለእኔ ቢጤ እንኳ ከባድ አይደለም። ከግራ በኩል እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ መስመሮች አሉ። በየመስመሩ ላይ ጡብ የመሰለ ሳጥን ታስቀምጣለህ፤ ከፍ ካደረግኸው ድምፁ ይቀጥናል፣ ከጎተትከው ይረዝማል። በየጡቡ ላይ የቃሉን ቁራጭ ትጽፋለህ። በፊደላችን አይቀበልምና በፈረንጅ ፊደል ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው በማናውቃት ሴት ድምፅ ሞከርነው። «ጸጋ» የሚለውን «ሰጋ» አለችው። ፎቶ ኮፒዋ በሳቅ ወረቀቶቿ ላይ ተደፋች። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ አንዱን ቤት ከዳር እስከ ዳር ሳትተነፍስ ዘለቀችው። ለካ ትንፋሽም እንደ ቃል ለብቻው ሳጥን ተሰጥቶት በእጅ ነው የሚቀመጠው። ለሰው እስትንፋስ መስጠት የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃሉ። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ፣ ጥቂት ጸለይኩ፣ ከዚያ አስቀመጥኩት። ጥፋት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን።

ድምፅዋን ለማስተማር ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥነው። የጀማሪዎች መመሪያው እንዲህ ይላል፤ ጥርት ያለውን ብቻ ያስገቡ፣ ሌላ ድምፅ የተቀላቀለበትን ቆርጠው ይጣሉ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ከአርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ የእሷን እየመረጥኩ አሥራ አንድ ደቂቃ ጥርት ያለ አወጣሁ። ተመሳሳይ ድምፅ ነው ያላችሁ፤ እናታችሁ እንኳ ከጓዳ ስትጣራ የቷ ልጄ ናት አቤት ያለችኝ ትል ነበር። ግን እኔ ባሏ ነኝ። የስፌት መኪና በጆሮዬ ብቻ የማክም ሰው፣ ሚስቴን እስታለሁ?

ኮምፒውተሩ ሦስት ቀን ሲማር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እትዬ፣ መጣች። እንባዬን የማደርግበት አጣሁ። ፎቶ ኮፒዋ ሱቋን ዘግታ ደጅ ቆመችልኝ። ለመዘምራኑ መሪም ነገርኳት፤ ለእሁዱ ፕሮግራም «የእህታችን ድምፅ» ተብሎ ገብቷል።

በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። ሰምተው ይጻፉልኝ። ያንን ጉዳይ ደግሞ አልረሳሁትም።

———

ኅዳር 6

ለመርፌው፣

ፍላሹን ተቀብዬ ፈርሜያለሁ። እኔ ለተቀበልኩት እፈርማለሁ።

ሰማሁት። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ደግሜ ሰማሁት።

ይሄ እኔ ነኝ።

በምን ያውቃሉ ትለኝ ይሆናል። ካሴቱን ስንቀዳ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ አልተነሳችም። አስቸኳይ ልብስ ይዛ ነበር። ደግሞም ያቺ ልጅ እግሯ ካልሄደ ጉሮሮዋ አይከፈትም፤ መዘምራኑ መሐል ቆማ ስትዘምር እንኳ እግሯ ወለሉን ይረግጥ ነበር። የእኔ ተራ ሲሆን እግሯን አቁማ ትሰማኛለች። የሷ ሲደርስ ፔዳሉን ትረግጥና ትጀምራለች። ካሴቱ ላይ የመኪና ድምፅ ሳይኖር የዘመርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አንተ የስፌት መኪና ሐኪም! መመሪያው ጥርት ያለውን አስቀር ቢልህ የመኪናውን ድምፅ እየቆረጥክ ጣልከው። ከመኪናው ጋር እህቴን ጣልካት። እኔን ይዘህ አለቀስክ።

መጀመሪያ ስሜን ወሰድክ። ቀጥለህ እህቴን። አሁን ደግሞ የቀረኝን ድምፅ። እሱን ይዘህ በዚያው ጉባኤ ፊት «ሚስቴ ናት» ልትል ነው? «ዋጠች» ባሉኝ ሰዎች ፊት እኔን የሷን ስም አልብሰህ ልታስዘምር?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ተቆጥቼ አይደለም። ኮምፒውተሩ ዘመረልህ። ይናዘዝልሃል ወይ?

———

ኅዳር 14

እትዬ፣

መጀመሪያ የሠራሁትን ክፋት ልንገርዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ አላመንኩዎትም። ቂም ነው አልኩ። በዓሉን ልታስቀርብኝ ፈልጋ ነው፣ በእህቷ ቀንታ ነው አልኩ። ይህን ስል የገዛ ድምፄን አወቅሁት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚያች ማክሰኞ በልቤ የተናገረው ሰውዬ ነው፤ አንድ ቀን አላረጀም።

ከዚያ የጣልኳቸውን ቁርጥራጮች ፈለግሁ። ፎቶ ኮፒዋ «እኔ የተጣለ ወረቀት እንኳ አልጥልም» ብላ አስቀምጣቸው ኖሯል። ማዳመጫውን አደረግሁ። መጀመሪያ ፔዳሉ መጣ። ያንን መኪና አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገጠምኩት። ቺንጋው፣ ጎማውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ላልቶ በየዙሩ አንዴ ሸርተት ይላል። በዚያ ሳምንት «ቺንጋውን አጥብቅልኝ» ብላኝ ነበር፤ ነገ እንዳልኩ ቀረሁ። ከዚያ ሸርተቴ በላይ ደግሞ እሷ። ድምፅዋ ከእርስዎ ትንሽ ይወፍራል፣ የቃሉን ጫፍ ትበላለች። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ላይ እግሯ ዘግየት ይላል። አንድ ቦታ ክር ተበጠሰባት። «ኧረ ክሩ!» ስትል፣ እርስዎ «ዘምሪ ወዲያ! ክሩ አይሸሽም» ይሏታል። ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለታችሁም ሳቅ ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ እዚያ ላይ አይለይም።

እውነት ብለዋል። የጣልኳት እሷን ነው።

ከዚያ በኋላ ከራሴ ጋር የተነጋገርኩትን ሁሉ አልጽፍም። አንዱን ብቻ። ከጉባኤው ስንመለስ፣ ያኔ፣ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ «እውነት ፖስታውን አላየኸውም?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። ዓይኔን አየችና ፔዳሉን ረገጠች። ሰፋች እንጂ አልዘመረችም። ከዚያ ቀን ወዲያ እግሯ ብቻውን ሲሄድ ኖረ። እኔ ደግሞ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሰላም ወረደ እል ነበር። በማን እንዳዘነች አላውቅም። በእርስዎ ነው ብዬ ጽፌልዎ ነበር። አሁን እሱንም እጠራጠራለሁ።

ለመዘምራኑ መሪ ድምፁ የእሷ አለመሆኑን ነገርኳት። «ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት? እህትማማቾች ናቸው፤ ማን ይለየዋል? ሰው ይጽናና እንጂ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የበዓሉ መርሐ ግብር ታትሞባት ነው። እትዬ፣ በእሺታ ራሴን ልነቀንቅላት ምንም አልቀረኝ። የማንም ዓይን የማያየው ቀላል መንገድ እንደገና ተከፈተልኝ። እንዴት ይጣፍጣል! «እስከ እሁድ አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማሰቡ ራሱ ምን ይባላል? እርስዎ ይንገሩኝ።

ድምፅዎን ምን ላድርገው? የእርስዎ ነው፤ እንደ ፈቃድዎ።

———

ኅዳር 20

ለመርፌው፣

ማሰቡ ምን ይባላል ብለሃል። ፍርሃት ይባላል። እኔ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ።

የእህቴን ሳቅ ቀድተህ ላክልኝ። ከነመኪናው፤ ምንም እንዳትቆርጥ።

ድምፄን ላክልኝና አንተ ጋ ያለውን አጥፋ። ከራሴ በቀር ማንም እንዲያዘው አልፈልግም። ግን አልዋሽህም፤ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ዛሬ ዳቦ ቤት ሄጄ ሻጩ ሹክሹክታዬን ሦስት ጊዜ አስደገመኝና፣ ወደ ቤት ስመለስ ምን ተመኘሁ መሰለህ? ያ ድምፅ መዝሙሩን ትቶ አንድ ጊዜ ብቻ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ቢለኝ። የማይረባ ምኞት ነው። እንዳትስቅብኝ።

ስለ እሁዱ ምንም አልመክርህም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳልመክርህ ኖሬያለሁ።

———

ኅዳር 28

እትዬ፣

እንዴት ሰንብተዋል። ዛሬ ሰላምታ ማስቀደም አልፈራሁም።

ትናንት ስሜ ሲጠራ ወደ ፊት ወጣሁ። መሪዋ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሆና ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋለች። «አታጫውቺው» አልኳት።  ፖስታውን ከኪሴ አወጣሁ። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፣ ያቺንም ያሳበደችኝን ቃል። እዚያ ቆሜ በራሴ ድምፅ ሳነባት ምን ሆና አገኘኋት መሰልዎ? አንድ ሽማግሌ የጻፋት የምስጋና ቃል። በቃ።

ከዚያ እንዲህ አልኩ፤ «ይህን ደብዳቤ ታላቅ እህቷ በእጇ አምጥታ በእጄ ሰጥታኛለች። ከፍቼ አንብቤ ደበቅሁት። በእናንተ ፊት አላየሁም ያልኩት ውሸት ነበር። አልዋጠችም። የዋጥኩት እኔ ነኝ።»

  ከኋላ ዱላ ይዛ የመጣችው ያቺ የጥንቷ ዘማሪ፣ እርስዎን ከአግዳሚው ቦታ የነሳችው፣ «ወይ ጉዴ! እኔስ ምን አፍ አለኝ?» አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አድራሻዎን ጠይቃኛለች። ሳይፈቅዱልኝ አልሰጥም ብያታለሁ።

«ታዲያ መዝሙሩስ?» አለ ሌላው። መዝሙሩ አልተዘመረም፣ ዘማሪዋንም እኔ ነኝ ያስቀረኋት አልኩ። በምትኩ ከጣልኳቸው ቁርጥራጮች አንዱን አሰማኋቸው፤ ፔዳሉን፣ የላላውን ቺንጋ፣ ሁለት ስንኝ፣ የክሩን መበጠስ፣ የሁለታችሁን ሳቅ። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ስወጣ መንገድ የለቀቀልኝም፣ እጄን የጨበጠኝም ነበር። ጀርባውን የሰጠኝም ነበር፤ ትክክል ነው።

ዛሬ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከማጥፋቴ በፊት ጥቂት ሳጥኖች ደረደርኩ፣ መሐላቸው ላይ ትንፋሽ አስገባሁ። አሠራሩ ለዘፈን ስለሆነ ትንሽ ዜማ ዜማ ይላል እንጂ የተመኙት «ሃሎ» ነው። ሳልስቅብዎ ነው የሠራሁት። ከእሷ ሳቅ ጋር በፍላሹ አለ። ከዚያ ድምፅዎን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። ፎቶ ኮፒዋ መጥፋቱን አይታ አረጋገጠችልኝ፤ እኔም እሷን ሳልጠራጠር ደግሜ አየሁ።

ፖስታውን አብሬ ልኬያለሁ። ትናንት እዚያው ጉባኤው ፊት፣ መድረኩ ላይ አስደግፌ፣ በጀርባው ላይ የዚያችን ማክሰኞ ቀን አስቀደምኩና «ይህን ደብዳቤ ከባለቤቴ ታላቅ እህት እጅ ተቀብያለሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።